ዳሞታን ዞሮ፦ ከባልጩት ጠራቢዎች እስከ ጉቶ ጠባቂዎች

ወላይታ ሶዶ ላይ ቆሞ ወደ ሰሜን ቀና ያለ ሰው ዳሞታን ሳያይ አያልፍም። ተራራው ከባሕር ጠለል በላይ 2,900 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል፤ በክረምት አናቱ በጉም ተሸፍኖ ይውላል። በምዕራብ ጎኑ የጣለው ዝናብ ጅረት ከጅረት እየተቀላቀለ ኦሞ ይገባና እስከ ቱርካና ሐይቅ ይዘልቃል። በምሥራቅና በደቡብ የጣለው ደግሞ እንደ ብላቴና ሐመሳ ባሉ ወንዞች በኩል አባያ ሐይቅ ይደርሳል። አንድ ተራራ ላይ የወረደ ውሃ ዳግም ሳይገናኝ በሁለት ተፋሰስ ይከፈላል ማለት ነው።

አናቱን ላልተመኘ ሰው ዳሞታን በግርጌው መዞር ብዙ ጉልበት አይጠይቅም። መንገዱ ከእንሰት ጓሮ ወደ ባሕር ዛፍ፣ ከባሕር ዛፍ ወደ ወንዝ ዳር፣ ከወንዝ ዳር ወደ አገር በቀል ቁጥቋጦ ይወስዳል። ጎንደርን የሚጎበኝ ሰው ዐፄ ፋሲል በ17ኛው መቶ ዘመን ያሠሩትን የድንጋይ ግንብ በእጁ ዳስሶ ይመለሳል። የወላይታ ነገሥታት ግን እንዲህ ያለ ግንብ አላቆሙም። ቤተ መንግሥታቸው የእንጨትና የሣር ነበር፤ ቅጥራቸው የድንጋይ ካብ፣ አምባቸው ደግሞ ራሱ ተራራው። ስለዚህ የወላይታን የመንግሥት ታሪክ ማየት የሚፈልግ ሰው መራመድ አለበት። ታሪኩ በዛፉ፣ በውሃውና በመንገዱ ላይ ነው ያለው።

የዚህ መንገድ የመጀመሪያው ምዕራፍ ከማንኛውም ንጉሥ በብዙ ይቀድማል። በተራራው ደቡብ ምዕራብ ጎን፣ 2,200 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ፣ ሞቼና ቦራጎ የሚባል ሰፊ የአለት ጥላ አለ። እሳተ ገሞራ የሠራው አለት ወደ ፊት ተንጠልጥሎ ለብዙ ሰው የሚበቃ መጠለያ ሆኗል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በግዛቪየ ጉቴርዝ የሚመራ የፈረንሳይ ቡድን ቁፋሮ ጀመረበት። ከ1998 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ደግሞ የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲው ስቲቨን ብራንት ከአሜሪካና ከጀርመን ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ወደ ታችኞቹ የአፈር ንብርብሮች ወረደ። ከሥር የተገኘው የከሰል ቅሪት በካርቦን ሲለካ ሰዎች ከ36,000 ዓመት በፊት፣ እንዲያውም እስከ 50,000 ዓመትና ከዚያም ወደ ኋላ፣ በዚህ ጥላ ሥር እሳት አንድደው ይኖሩ እንደነበር ታወቀ።

እነዚያ ሰዎች የሚሠሩበት ዋናው ዕቃ ባልጩት ነበር። ጥቁር፣ እንደ መስተዋት የሚያብረቀርቅ፣ ሲሰበር ስለቱ ከምላጭ የማያንስ ድንጋይ ነው። ድንጋዩን የሚያመጡት ከቅርብ አልነበረም፤ ኬሚካላዊ ምርመራ ባልጩቱ በአብዛኛው ወደ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ከሚርቀው ከባንቱ እንደመጣ ጠቁሟል። ጠራቢው ጉማጁን በሌላ ድንጋይ እየመታ ስስ ስስ ስለቶች ያነሳል፤ ከዚያ ጫፉን በትንንሽ ምት እያስተካከለ ለመውጊያ፣ ለመፋቂያና ለመቁረጫ ያዘጋጀዋል። ይህ ጥበብ ለደቡብ ኢትዮጵያ ሩቅ ተረት አይደለም። እንደ ኮንሶና ጋሞ ባሉ አካባቢዎች ቆዳ ፋቂዎች የድንጋይ መፋቂያን በእንጨት እጀታ ላይ እየሰኩ እስከ ቅርብ ዘመን ይሠሩበት ነበር፤ ተመራማሪዎቹም ከእነርሱ ብዙ ተምረዋል።

እነ ብራንት ይህን ቦታ የመረጡት በአንድ ግምት ተነሥተው ነበር። በበረዶው ዘመን አፍሪካ ደርቃ ብዙ አካባቢዎች ለኑሮ አስቸጋሪ ሲሆኑ ዝናብ ያልተለየው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደጋ ለሰው ልጅ መሸሸጊያ ሆኖ ይሆን? ጥያቄው ገና ሙሉ መልስ አላገኘም። ይሁን እንጂ ዳሞታ ከጥንት ጀምሮ ሰው የሚያርፍበት ውሃና ዛፍ ያለው ቦታ እንደነበር የባልጩቱ ክምር ይመሰክራል። ቁፋሮው የኋለኞቹን ሺህ ዓመታት ቅሪትም አግኝቷል፤ ሰው ወደዚያ ጥላ ደጋግሞ ተመልሷል።

ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን ለጽሑፍ ብዙ አላስቀረም። ስም የሚነሣው በ13ኛው መቶ ዘመን ነው። የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ገድል የዳሞት ንጉሥ የነበረውን ሞተለሚን ይጠቅሳል፤ የጻድቁን እናት እግዚእ ኀረያን እንደማረከ፣ በኋላም በጻድቁ ስብከት እንዳመነ ይተርካል። የወላይታ ቃል ወጎች ሞተለሚን ከቀደምት ነገሥታታቸው ዋና አድርገው ይቆጥሩታል፤ የተራራው ስምና የዳሞት መንግሥት ስም መቀራረብም ለዚህ ድጋፍ ተደርጎ ይጠቀሳል። የጥንቱ ዳሞት ድንበር እስከ የት ነበር በሚለው ላይ የታሪክ ሊቃውንት ይከራከራሉ። ለምእመኑ ግን ተራራው ከጻድቁ ስም ጋር የተሳሰረ ነው፤ የደብረ መንክራት አቡነ ተክለ ሃይማኖት ገዳምም በዚያ ይገኛል። በገዳማትና በአድባራት ቅጥር ውስጥ ያሉ ጽድና ወይራ ከሌላው ሥፍራ ይልቅ ምሳር ሳይነካቸው መቆየታቸው በመላው ደጋማ ኢትዮጵያ የሚታይ ነው።

ወላይታ ንጉሡን «ካዎ» ይለዋል። የቃል ታሪክ ሁለት ሥርወ መንግሥታትን ለይቶ ይቆጥራል፤ የመጀመሪያው ወላይታ ማላ፣ ሁለተኛው ደግሞ አባቶቹ ከትግራይ መጡ የሚባለው፣ በዚያው «ትግሬ» ተብሎ የሚጠራው ነው። በሁለተኛው መጨረሻ አካባቢ የሚነሡት ስሞች ኦጋቶ፣ አማዶ፣ ዳሞታ፣ ጎቤ፣ ጋጋና ጦና ናቸው። አንዱ ካዎ የተራራውን ስም መያዙ በአጋጣሚ የሆነ አይመስልም።

መንግሥቱ ድንበሩን በሚገባ የሚያስጠብቅ ነበር። የካዎ አማዶ ኬላና የእጃጆ ኬላ የሚባሉት የድንጋይ ካቦች እስካሁን ስማቸው ይነሣል። ጭቃም ኖራም የላቸውም፤ ድንጋዩ በድንጋይ ላይ እየተነባበረ፣ ትልቁ ከሥር፣ ትንሹ በክፍተቱ እየተወሸቀ የተሠሩ ናቸው። ከኦሞ ማዶ በዳውሮም የንጉሡ የካቲ ሃላላ ኬላ በረጅም ርቀት ተዘርግቷል፤ በቅርቡ በአጠገቡ በተሠራው ሃላላ ኬላ ሎጅ አማካይነት ስሙ በአገር አቀፍ ደረጃ ታውቋል። ሁለቱን ጎረቤት መንግሥታት በአንድ ዓይን የሚያይ ሰው አንድ ነገር ይገነዘባል። እነዚህ ሕዝቦች ጉልበታቸውን ያፈሰሱት ለንጉሥ ማደሪያ ፎቅ ሳይሆን አገሩን በሙሉ ለሚከልል ቅጥር ነበር።

የአገር ጉዳይ የሚታየው ደግሞ በዱቡሻ ነው። ዱቡሻ ሕዝብ የሚሰበሰብበት ሜዳ ነው፤ እርቅ፣ ፍርድ፣ የጦርነትና የሰላም ምክር ሁሉ እዚያ ይካሄዳል። ሽማግሌዎች የሚቀመጡት በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ስለሆነ የዱቡሻን ዛፍ መቁረጥ ነውር ነው። ለጫካ ጥበቃ ሕግ ከመውጣቱ በፊት በወላይታ ዛፍ ከምሳር የሚድነው በእንዲህ ያለው ልማድ ነበር፤ ዛሬም በሜዳ መካከል ብቻውን የቆመ ያረጀ ዛፍ ያገኘ መንገደኛ ቦታው ምን እንደነበር ቢጠይቅ ጥሩ ነው።

የመጨረሻው ካዎ የጦና ቤተ መንግሥት በዳሞታ ተዳፋት ላይ በምትገኘው በዳልቦ ነበር። የቦታው ምርጫ አያስደንቅም። ከላይ የተራራው ደን አለ፤ ማገዶውም፣ ማገሩም፣ የምንጩም ውሃ ከዚያ ይወርዳል። ከታች የእንሰትና የእህል መሬት፣ ከዚያም ወደ ብላቴ የሚዘልቀው ሜዳ በአንድ እይታ ይታያል፤ ጠላት ከየትም ቢመጣ ከዳልቦ ቀድሞ ይታያል። ንጉሡ በዚህ ተዳፋት ላይ ሆነው አገሩን ሲያስተዳድሩ በሰሜን ደግሞ የሸዋው ንጉሥ፣ ኋላም የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት፣ ምኒልክ ግዛታቸውን ወደ ደቡብ እያሰፉ ነበር።

ወላይታ ለተደጋጋሚ ዘመቻ አልበገር ብሎ ቆየ። በዚህ መካከል ክፉ ቀን መጣ። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ የከብት በሽታ ሰሜኑንና ማዕከሉን አገር በሬ አልባ አደረገው፤ ረኀብም ተከተለ። ከብቱ ያልጠፋበት አገር ሁሉ የዘማች ዓይን ማረፊያ ሆነ። ካዎ ጦና እንዲገብሩ ተጠየቁ፤ አልገብርም አሉ።

በኅዳር 1887 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ራሳቸው ከአዲስ አበባ ተነሡ። ከተከተሏቸው መካከል የወሎው ራስ ሚካኤልና የጅማው ንጉሥ አባ ጅፋር ይገኙበታል። ጋስቶን ቫንደርሄም የሚባል ፈረንሳዊም አብሮ ዘመተ። ይህ ሰው በንግድ ጉዳይ አዲስ አበባ የተቀመጠ ነበር፤ የዘመቻውን ውሎ በየቀኑ እየጻፈ፣ ፎቶግራፍ እያነሣ ሄደ፤ በ1896 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ በመጽሐፍ አሳተመው። ስለዚያ ጦርነት በዓይን ምስክር የተጻፈ ዝርዝር ዛሬ የሚገኘው በዋነኛነት ከእርሱ ነው። የተጻፈው ከዘማቹ ወገን ሆኖ ነው፤ እንዲያም ሆኖ ያየውን እልቂት መሸፈን አልቻለም።

ጦርነቱ በኅዳር መጨረሻና በታኅሣሥ መጀመሪያ ቀናት ተካሄደ። በአንድ በኩል በብዙ ሺህ የሚቆጠር ጠመንጃ፣ በሌላው በኩል በአብዛኛው ጦርና ጋሻ። ቤቶች ተቃጠሉ፤ እህሉም እንሰቱም የሠራዊት ቀለብ ሆነ። የታሪክ ምሁሩ ባሕሩ ዘውዴ ይህን ዘመቻ በግዛት መስፋፋቱ ዘመን ሁሉ እጅግ ብዙ ደም ከፈሰሰባቸው አንዱ አድርገው ይመዘግቡታል። ካዎ ጦና ቆስለው ተማረኩና ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ፊት ቀረቡ። ከምርኮው ለንጉሠ ነገሥቱ ብቻ የደረሰው ድርሻ 18,000 ከብትና 1,800 ባሪያ እንደነበር ቫንደርሄም መዝግቧል። ቁጥሩ ሲነበብ ከእያንዳንዱ ሰው ጀርባ የተበተነ ቤት እንዳለ መርሳት አይገባም። ሠራዊቱ በጥር አዲስ አበባ ገባ፤ ጦናም ምርኮኛ ሆነው አብረው ሄዱ። ከዚያ አንድ ዓመት ከጥቂት ወር በኋላ ዓድዋ ሆነ።

ከዳልቦ የእንጨት ቤተ መንግሥት የቆመ ነገር አለመትረፉ ከዚህ ጦርነት ጋር አብሮ የሚታሰብ ነው። የድንጋይ ግንብ ቢቃጠል ግድግዳው ይቀራል። እንጨትና ሣር ሲቃጠል የሚተርፈው ቦታውና የሰው ትዝታ ነው። ለዚህም ነው በዳልቦ የሚሄድ ጎብኚ የቱሪስት መመሪያ ከመግዛት ይልቅ የአካባቢውን ሽማግሌ መጠየቅ ያለበት።

አዲሱ አስተዳደር ማዕከሉን በተራራው ደቡባዊ ግርጌ በሶዶ አደረገ። ከነፍጠኛው ጋር ርስት፣ ገባርና ግብር መጣ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ አዲስ ዛፍ መጣ፤ በምኒልክ ዘመን ከውጭ የገባው ባሕር ዛፍ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በየከተማው ተስፋፋ። ቶሎ ያድጋል፤ ቢቆረጥም ያቆጠቁጣል፤ ለማገዶና ለቤት ሥራ ከእርሱ የሚፈጥን የለም። በዳሞታ ጎን ዛሬ የሚታየው አረንጓዴ ከፊሉ የዚህ እንግዳ ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ውሃ ይጠጣል፣ ሥሩ ሌላ አያበቅልም ተብሎ ይከሰሳል፤ ክሱ እውነት አለው። ሆኖም ባሕር ዛፍ ባይኖር ኖሮ የመጨረሻው ጽድና የመጨረሻው ወይራ ምድጃ ውስጥ ይገቡ እንደነበርም እውነት ነው።

በ1920 ዓ.ም. በዶክተር ቶማስ ላምቢ የሚመሩ የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ሰዎች ከአዲስ አበባ በበቅሎ ተጉዘው ወደ ደቡብ ወረዱ፤ ወላይታም ደርሰው በሶዶ ኦቶና ላይ ሰፈሩ። ሆስፒታልና ትምህርት ቤት ተከፈተ። ኢጣሊያ አገሩን ስትይዝ በ1929 ዓ.ም. ሚሲዮናውያኑ እንዲወጡ ተደረገ፤ ትተዋቸው የሄዱት የተጠመቁ ምእመናን 48 ብቻ ነበሩ። ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ የጠበቃቸው ምእመን ወደ 10,000 ይጠጋ ነበር። እምነቱን ያሰፉት መጽሐፍ እንኳ በበቂ ያልነበራቸው የአገሩ ሰዎች ናቸው፤ ከመንደር መንደር በእግር እየተጓዙ፣ እየታሰሩና እየተገረፉ። በዳሞታ ዙሪያ ያሉት የእግር መንገዶች በእነዚያ አምስት ዓመታት ብዙ ተረግጠዋል።

ኢጣሊያ ከወላይታ የወጣችው ወንዝ ላይ በተደረገ ውጊያ ነው። በ1933 ዓ.ም. ግንቦት የእንግሊዝ የአፍሪካ ሠራዊት ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆች በኩል ወደ ምዕራብ ሲገፋ የብላቴን መሻገሪያ ኢጣሊያኖቹ በታንክ ይጠብቁት ነበር። ግንቦት 11 ቀን በቁሊቶ አቅራቢያ የኬንያው ሳጅን ናይጀል ሊኪ ታንክ ላይ ዘሎ ወጥቶ ክዳኑን ከፍቶ ማረከ፤ ወደ ሌላው ታንክ ሲሮጥ ግን ወደቀ። በኋላ የብሪታንያ ከፍተኛው የጀግንነት ሜዳይ ቪክቶሪያ ክሮስ ተሰጠው። ከሦስት ቀን በኋላ፣ ግንቦት 14፣ ሶዶ ተያዘች፤ ጄኔራሎችም ተማረኩ። ብላቴን በዚያ በኩል የሚሻገር ተጓዥ አብዛኛውን ጊዜ በመኪና ስለሚያልፍ ይህን ታሪክ ሳያውቅ ያልፋል።

ነጻነት ሲመለስ የመሬት ጥያቄ አብሮ ተመለሰ። በ1950ዎቹ መባቻ አካባቢ ገርማሜ ንዋይ የወላይታ አውራጃ ገዢ ሆነው መጡ። አሜሪካ የተማሩ፣ ለውጥ የናፈቁ ወጣት ሹም ነበሩ። መሬት ለሌለው ጭሰኛ መሬት ማከፋፈል ጀመሩ፤ መንገድና ድልድይ አሠሩ። ባለርስቶች ለንጉሠ ነገሥቱ አቤት አሉ፤ ገርማሜም ወደ ጅጅጋ ተዛወሩ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ከወንድማቸው ከጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ጋር የመሩት መፈንቅለ መንግሥት ከሸፈና ሕይወታቸው አለፈ። የኢትዮጵያን አብዮት መንገድ የሚጽፍ ሁሉ የወላይታን ገባር ኑሮ አንድ ቦታ ላይ ማንሳት አለበት።

በ1962 ዓ.ም. የወላይታ የእርሻ ልማት ድርጅት በዓለም ባንክ ብድር ተቋቋመ። ሕዝብ ከመሬቱ በላይ ስለበዛ ከደጋው ቤተሰብ እየወሰደ በአባያ ሐይቅ አቅራቢያ በአበላ ቆላ አሰፈረ። ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ገባ፤ መንገድ ተከፈተ። ቆላው ሲቀና ግን ሌላ ነገር ተቀነሰ፤ የሰፈራና የእርሻ መሬት የሚገኘው ጫካ ተመንጥሮ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሃያ ዓመታት ለዛፍ ክፉ ነበሩ። አብዮቱ መሬት ለአራሹ ብሎ አወጀ፤ ደኑ ግን የማንም ሳይሆን የመንግሥት ሆነ። በ1977ቱ ድርቅ ረኀብ ወላይታንም ጎዳ፤ ማገዶና ከሰል ሸጦ ልጅ ማብላት የብዙ ሰው የመጨረሻ አማራጭ ነበር። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በየቦታው የነበረ የማኅበርና የመንግሥት ደን በጥቂት ሳምንት ተጨፈጨፈ። ከሶዶ በስተደቡብ በአርባ ምንጭ መንገድ ላይ ያለው የሁምቦ ተራራ ራቁቱን ቀረ። ዝናብ ሲዘንብ ጎርፉ አፈሩን እየጠረገ ወደ ማሳ ይወርድ ጀመር፤ ምንጮች ቀጠኑ።

የመንገዱ አስደናቂ ክፍል የሚጀምረው ከዚህ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ ወርልድ ቪዥን ለሁምቦ ገበሬዎች አንድ ሐሳብ ይዞ መጣ። ችግኝ ማፍላት አያስፈልግም፤ የተቆረጠው ጫካ ከመሬት በታች አልሞተም የሚል። ሐሳቡ የአውስትራሊያዊው ቶኒ ሪናውዶ ነው፤ በ1970ዎቹ ኒጀር ውስጥ በረሃ ዳር የቀረ ጉቶ ሲያቆጠቁጥ አይቶ የጀመረው። ገበሬው መጀመሪያ አላመነም። መሬቱን ሊወስዱብን ነው የሚል ሥጋት ነበረ፤ ያለፈውን ታሪክ ላወቀ ሥጋቱ መሠረት የሌለው አልነበረም።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከአንድ ጉቶ ዙሪያ አሥርም ሃያም ቀንበጥ ይወጣል። ገበሬው ከእነዚህ ቀጥ ያሉትንና የበረቱትን ሁለት ሦስት ይመርጣል፤ የቀሩትን በስለት ከሥር ያነሣል። የተመረጡትን ቀንበጦች የጎን ቅርንጫፎች እስከ ቁመታቸው እኩሌታ ይመለምላል፤ የጉቶው ሥር የሚሰበስበው ውሃና ምግብ ሁሉ ወደ እነዚያ ግንዶች ይሄዳል። የተመለመለው ለማገዶ ቤት ይገባል። ከዚያ ዋናው ሥራ ከብት እንዳይገባ መጠበቅ ነው። ሥሩ ቀድሞ በመሬት ውስጥ ስላለ ዛፉ ከአዲስ ችግኝ በብዙ ፈጥኖ ይነሣል። በጥቂት ዓመት ውስጥ ግራሩና ሌላው አገር በቀል ዛፍ ከሰው ቁመት አለፈ።

2,728 ሄክታር በሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተከፋፈለ፤ የመጠቀም መብትም በስማቸው ተመዘገበ። በ2002 ዓ.ም. ፕሮጀክቱ በተባበሩት መንግሥታት የንጹሕ ልማት ሥርዓት ተመዘገበ፤ በአፍሪካ በዚህ ሥርዓት የተመዘገበ የመጀመሪያው ትልቅ የደን ሥራ ሆነ። የዓለም ባንክ የባዮካርቦን ፈንድ ጫካው ከአየር ከሚስበው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 165,000 ቶን ለመግዛት ተስማማ። ከሽያጩ የመጣው ገንዘብ ለማኅበራቱ እህል መጋዘንና ወፍጮ ሆነ። ገርማሜ በሹም ሥልጣን ሊሰጡት የሞከሩት የመሬት መብት ከሃምሳ ዓመት ገደማ በኋላ በጉቶ በኩል ወደ ገበሬው መምጣቱ ልብ ሊባል የሚገባው ነው።

ትምህርቱ ከሁምቦ ወደ ዳሞታ ወጣ። በተራራው ላይ 503 ሄክታር ለሶዶው የማኅበረሰብ ደን ተከለለ። ከፍ ባለው ተዳፋት አገር በቀል ዛፍ እንዲመለስ፣ አፈሩ እንዲያዝ፣ የምንጭ ውሃ እንዲጎለብት የታሰበ ነው። የተራራ ጎን ያለ ዛፍ ሲቀር ምን እንደሚሆን ጎረቤት ዞን ጎፋ አሳይቷል። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በከንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ ከከባድ ዝናብ በኋላ የተናደው መሬት ከ200 በላይ ሰው ቀብሯል። ናዳን ዛፍ ብቻውን አያስቆምም። ሥር የያዘው አፈር ግን ካልያዘው ይሻላል፤ የዳሞታ ግርጌ ደግሞ ቤት ከቤት የተጠጋበት፣ በአገሪቱ እጅግ ሕዝብ ከሰፈረባቸው ገጠሮች አንዱ ነው።

በዚያው ዘመን ከተማው ተለወጠ። ወላይታ በ1993 ዓ.ም. ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። በ1999 ዓ.ም. ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ተመሠረተ፤ ጥንት ሚሲዮናውያኑ የሰፈሩበት ኦቶናም የዩኒቨርሲቲው ሪፈራል ሆስፒታል መገኛ ሆነ። በምዕራብ በኩል ወላይታንና ዳውሮን በሚያዋስነው ኦሞ ላይ 243 ሜትር ቁመት ያለው ግልገል ጊቤ ሦስት ተገነባ፤ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ተመረቀ። 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ከወላይታ ምዕራባዊ ደጋ የሚወርደው ውሃ፣ አጆራ ላይ ከገደል የሚወረወሩት የአጃንቾና የሶኬ ወንዞችም ጭምር፣ ወደዚያው ወደ ኦሞ ነው የሚጓዘው። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲቋቋም ሶዶ የክልሉ የአስተዳደር ማዕከል ሆነች። ሹሙም፣ ነጋዴውም፣ ተማሪውም በረከተ፤ ቤት የሚሠራበት መሬት ወደ ተራራው ግርጌ እየቀረበ ሄደ።

ዳሞታን የሚዞር የእግር መንገድ ዛሬ በየፌርማታው ምልክት ሊቆምለት ይገባል። ሞቼና ቦራጎ፣ ደብረ መንክራት፣ ዳልቦና ኦቶና አንድ ቀን ተኩል በማይፈጅ ጉዞ ውስጥ የሚገናኙ ቦታዎች ናቸው። አንዳቸውም ትልቅ ሕንፃ አይፈልግም፤ ቦታው ምን እንደሆነ የሚናገር ሰሌዳ፣ ድንጋዩንና ዛፉን የሚጠብቅ ዘበኛ፣ ታሪኩን ከሽማግሌ የተማረ ወጣት አስጎብኚ ይበቃል።

ለጊዜው ዛፉን የሚጠብቁት ማኅበራቱ ናቸው። በተከለለው ደን ከብት አይሰማራም፤ ሣሩ ሲደርስ ግን አባላት በማጭድ እያጨዱ ተሸክመው እንዲወስዱ ይፈቀድላቸዋል። ሣሩ ለወላይታ ትልቅ ነገር ነው። የወላይታ ሰንጋ የሚደልበው ሜዳ ላይ ሳይሆን ደጅ ታስሮ፣ በእጅ እየተመገበ፣ ከስኳር ድንች ቅጠልና ከእንሰት ጋር ሣር እየተጨመረለት ነው። በመስከረም 14 እና 20 መካከል በሚውለው እሑድ ጊፋታ ይከበራል፤ ጎረቤታሞች ዓመቱን ሙሉ ገንዘብ አጠራቅመው በጋራ የገዙት በሬ ይታረዳል። ከበዓሉ በፊት ባሉት ሳምንታት ከዳሞታ ጎን ሣር ተሸክመው የሚወርዱ ሰዎች መንገዱን ይሞሉታል።